የውሃ ስንቅ፦ ከእንጦጦ እስከ ኮተቤ በፈሳሽ መካኒክስ



በኮተቤ፣ በካራ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ፈረቃው በደረሰበት ቀን እንኳ የቧንቧው ውሃ ከሰዓት በኋላ ይንጠባጠባል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ይንፎለፎላል። እናቶች እንቅልፋቸውን አቋርጠው ጀሪካንና በርሜል የሚደረድሩት ስለዚህ ነው። «ሌሊት ስለሚለቁት ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ነገር ግን ማንም ቫልቭ ሳይነካ፣ መስመሩም ማጠራቀሚያውም ያው ሆኖ ሳለ ውሃው ሌሊት ይበረታል። ተማሪዎቻችን የዚህን ምክንያት በፈሳሽ መካኒክስ ክፍል ውስጥ ቀመር አድርገው ይማሩታል፣ ይፈተኑበታል፣ ያልፉበታል። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ። ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን የሚነግራቸው ጥቂት ነው። ዛሬ ይህን ልነግራችሁ ነው የቆምኩት።

ከግፊት እንነሳ። ውሃ በአንድ ቦታ ላይ የሚያሳድረው ግፊት የሚወሰነው ከዚያ ቦታ በላይ ባለው የውሃ ቁመት እንጂ በውሃው ብዛት አይደለም። 10 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ከሥሩ 1 ባር ያህል ይገፋል። የዕቃው ስፋት፣ ቅርጹ፣ ሊትሩ ለውጥ አያመጣም። እናንተ ጣሪያችሁ ላይ 500 ሊትር የሚይዝ ሮቶ፣ ጎረቤታችሁ ደግሞ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ብትሰቅሉና የሁለቱም የውሃ ገጽ በአንድ ከፍታ ላይ ቢሆን፣ ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ ከሥር ያለው ግፊት እኩል ነው። ትልቁ ሮቶ የሚሰጠው ብዙ ቀን መቆየትን ብቻ ነው። ግፊት የፈለገ ሰው ሮቶውን ከፍ ያድርግ፤ እያንዳንዱ ሜትር አንድ አሥረኛ ባር ይጨምርለታል። የሳይንስ ሊቃውንቱ ስቴቪን በ16ኛው፣ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ሲያስረዱ ብዙ ሰው ለማመን ተቸግሮ ነበር፤ ዛሬም ሮቶ ሲገዛ የሚቸገር አለ።

በአያትም ሆነ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች መሬት ላይ ያለው ቤት ውሃ እያገኘ አራተኛ ፎቅ ያለው የሚደርቀው በአድልዎ አይደለም። የአራተኛ ፎቅ ቧንቧ ከመሬት 13 ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃው እዚያ ለመድረስ ብቻ 1.3 ባር ያስፈልገዋል፤ ወጥቶ ለመፍሰስ ደግሞ ተጨማሪ።

አሁን ቀና ብላችሁ እንጦጦን እዩ። ጫፉ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቀበና ድልድይ አካባቢ ከፍታው ወደ 2,400 ሜትር ይወርዳል። በመካከላቸው በትንሹ 600 ሜትር አለ። ከተራራው ጫፍ እስከ ቀበና አንድ ቧንቧ ዘርግታችሁ በውሃ ሞልታችሁ ከታች ብትዘጉት፣ በታችኛው ጫፍ 59 ባር ያህል ግፊት ይጠብቃችኋል። ለቤት መስመር የምንገዛቸው የፕላስቲክ ቧንቧዎች አብዛኞቹ 10 ወይም 16 ባር እንዲችሉ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ከተራራ ውሃ የሚያወርድ መሐንዲስ በመንገዱ ላይ ክፍት ገንዳዎች እየሠራ ግፊቱን ይሰብራል። ገንዳው ክፍት ስለሆነ ውሃው ከዜሮ ይጀምራል።

ከፍታ የውሃ ስንቅ ነው። ውሃ ከተራራ ሲነሳ ስንቁን ይዞ ይነሳል፤ በመንገዱ ላይ ወይ ግፊት ያደርገዋል፣ ወይ ፍጥነት ያደርገዋል፣ ወይም ለሰበቃ ከፍሎ ይጨርሰዋል። የዛሬው ንግግር ሁሉ የዚህ ሒሳብ ነው።

ከተማችን ይህን ሒሳብ መጀመሪያ በይፋ ያየችው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ሸዋ የመጣው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። ውሃው ከተራራው ወርዶ፣ ዝቅተኛውን ቦታ አልፎ፣ ግቢው ወዳለበት ኮረብታ ሲወጣ ያየው ሰው ተደነቀ፤ ግጥምም ተገጠመለት። መደነቁ ተገቢ ነበር። ሜዳ ላይ ውሃ ሽቅብ አይሄድም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ግን ሽቅብ መሄድ ይችላል፤ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መድረሻው ከመነሻው ዝቅ ያለ መሆኑ፣ ልዩነቱም የመንገዱን ሰበቃ ለመክፈል የሚበቃ መሆኑ። መሐል ላይ የሚያጋጥመው ሸለቆ ምንም ያህል ቢጠልቅ ለጥልቀቱ የከፈለውን በመውጫው መልሶ ያገኘዋል። ዛሬም ከለገዳዲ ግድብ በሚመጣው መስመር ላይ የሚሠራው ደንብ ይህ ነው።

ስለ ፍጥነት እናንሳ። ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ የከፍታን፣ የግፊትንና የፍጥነትን ድምር አስቀምጧል፤ ሰበቃ ከሌለ ድምሩ አይለወጥም። እንግዲህ ሰበቃ ባይኖር የቀበና ወንዝ ምን ይመስል ነበር? 600 ሜትር የወረደ ውሃ በሰከንድ 108 ሜትር፣ በሰዓት 390 ኪሎ ሜትር እየበረረ ቀበና ድልድይ ይደርስ ነበር። እውነተኛው ወንዝ በበጋ በእግር ከሚሄድ ሰው አይፈጥንም፤ በክረምት ሲሞላም በሰከንድ ጥቂት ሜትሮችን ነው የሚጓዘው። ስንቁ የት ገባ? ድንጋይ ሲመታ፣ ሲዞር፣ ሲንኮለኮል፣ አፈር ሲቦረቡር ሁሉንም ከፈለው። መጨረሻው ሙቀት ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው ይህን ነበር፤ በእሱ ሒሳብ 600 ሜትር የወረደ ውሃ ጉልበቱን ሁሉ ለራሱ ሙቀት ቢያውለው የሚሞቀው 1.4 ዲግሪ ብቻ ነው። መኪና ሊያስንቅ ይችል የነበረ ፍጥነት በእጅ ተነክቶ የማይታወቅ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ለእኔ ከዚህ ትምህርት ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የለም።

ሰበቃ ከየት ይመጣል? የቧንቧውን ግድግዳ የነካው የውሃ ድርብ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ አይንቀሳቀስም። ቀጣዩ ድርብ በእሱ ላይ ይንሸራተታል፣ ሌላው በዚያ ላይ። ይህን መንሸራተት የሚቃወመው የፈሳሹ ዝልግልግነት ነው፤ ማር ብዙ አለው፣ ውሃ ትንሽ። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 በማንቸስተር የመስታወት ቧንቧ ውስጥ ቀለም እየለቀቀ ፍሰቱን ተመለከተ። ውሃው በዝግታ ሲሄድ ቀለሙ ቀጭን ክር ሆኖ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ክሩ ድንገት ይበጣጠስና ቀለሙ ቧንቧውን ይሞላዋል። የመጀመሪያው ዝርግ ፍሰት፣ ሁለተኛው ብጥብጥ ፍሰት ነው። ፍጥነቱን በቧንቧው ስፋትና በፈሳሹ እፍጋት አባዝታችሁ ለዝልግልግነቱ ስታካፍሉ የሚገኘው የሬይኖልድስ ቁጥር 2,000 አካባቢ እስኪደርስ ዝርግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይበጠበጣል። በከተማ ዋና መስመሮች ውስጥ ቁጥሩ መቶ ሺህን ያልፋል። ስለዚህ የቧንቧ ውሃችን ሁሉ ብጥብጥ ነው ብላችሁ ብትነሱ እምብዛም አትሳሳቱም።

ይህ ብጥብጥ ውድ ነው። በዝርግ ፍሰት ሰበቃው ከፍሰቱ ጋር እኩል ያድጋል። በብጥብጥ ፍሰት ግን በካሬው ያህል ያድጋል፦ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሰበቃው አራት እጥፍ፣ ፍሰቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ሌሊቱ ውሃ እንመለስ። ማጠራቀሚያው ከቧንቧችሁ በ40 ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። ቀን ሁሉም ሰው ይጠቀማል፤ መስመሩ ውስጥ ያለው ፍሰት ከፍተኛ ነው፤ ከ40 ሜትሩ ስንቅ ሰበቃ 36ቱን ይበላል፤ ለእናንተ 4 ሜትር፣ ማለትም 0.4 ባር ይተርፋል። ያ ይንጠባጠባል። ሌሊት ሰፈሩ ተኝቶ ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ ሰበቃው በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፦ 9 ሜትር። የሚተርፈው 31 ሜትር፣ ከ3 ባር በላይ ነው። ማንም ምንም ሳይነካ ግፊቱ ወደ ስምንት እጥፍ አደገ። በከፍታ ላይ ያሉት የካራና የፈረንሳይ ቤቶች የቀኑ 4 ሜትር ከመሬታቸው በታች ስለሚቀርባቸው ቀን ጠብታ አያዩም፤ ሌሊቱ ብቻ ይደርስላቸዋል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣ አንድ ምክር አለ፤ ለቤት ሠሪዎች። በብጥብጥ ፍሰት አንድ ዓይነት ከፍታ ሲኖር የሚያልፈው ውሃ ከቧንቧው የውስጥ ስፋት ጋር በጣም በፍጥነት ያድጋል። ከግማሽ ኢንች ወደ ሦስት ሩብ ኢንች ብትቀይሩ የሚያልፈው ውሃ አንድ ተኩል እጥፍ ሳይሆን 2.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። የቧንቧ ዋጋ ግን ይህን ያህል አይጨምርም። ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለውን መስመር በቀጭን ቧንቧ የዘረጋ ሰው ያቺን አጭር የሌሊት ዕድል በገዛ እጁ ያጠባታል። ግማሽ ኢንች በቂ ነው የሚሉ ባለሙያዎች ሲያጋጥሟችሁ ርዝመቱን ጠይቁ። ለሁለት ሜትር በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለሠላሳ ሜትር አይደለም።

እስካሁን ያልኩት በየትኛውም ዓለም ያለ ተማሪ የሚማረው ነው። ቀጥሎ ያለው ግን የእኛ ነው፤ ተማሪዎች ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ መጻሕፍታችሁ በአብዛኛው የተጻፉት በባሕር ወለል ላይ ነውና።

ፓምፕ ከጉድጓድ ውሃ «ይስባል» እንላለን። ፓምፕ ግን አይስብም። በአፉ ላይ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው ከጉድጓዱ በላይ ያለው አየር ነው። ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 እንዳሳየው በባሕር ወለል ላይ ያለ አየር ውሃን ወደ ባዶ ቧንቧ ሊገፋ የሚችለው 10.3 ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ደግሞ የፓስካል አማች ፔሪዬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለው ፒዊ ደ ዶም ተራራ ላይ ባሮሜትር ይዞ ወጥቶ ሜርኩሪው ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ ሲል አየ። አየር ከፍ ሲሉ ይቀንሳል። ይህን ሙከራ ከቀበና እስከ እንጦጦ ጫፍ ብንደግመው ሜርኩሪው 4 ሴንቲሜትር ያህል ይወርዳል። ሜርኩሪ መሸከም አያስፈልግም፤ ባሮሜትር ያለው ስልክ ይዛችሁ ወደ እንጦጦ ፓርክ ውጡና ቁጥሩን በየመቶ ሜትሩ መዝግቡ።

በ2,400 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ወደ ሦስት ሩብ ይወርዳል። ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላ ለመቀቀል የሚፈጀው ጊዜ ይመሰክራል። ያ አየር ውሃን ሊገፋ የሚችለው 7.7 ሜትር ብቻ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ 7 ሜትር በጥቂት ይበልጣል። ይህ ምንም ሰበቃ ሳይቆጠር ነው። በቧንቧው፣ በክርኑ፣ በታችኛው ቫልቭ የሚጠፋው ሲቀነስ በተግባር ተስፋ የሚደረገው 5 ሜትር ገደማ ነው። የፓምፑ ካርቶን ላይ «8 ሜትር ይስባል» ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። ካርቶኑን አምኖ 7 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ላይ ፓምፕ የተከለ የኮተቤ ነዋሪ ውሃ አያገኝም። ከዚህ የከፋም አለ፦ በፓምፑ አፍ ላይ ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውሃው ቀዝቃዛ እንደሆነ ይፈላል፤ አረፋዎቹ ወደ ፓምፑ ሆድ ገብተው ግፊት ሲያገኙ ድንገት ወደ ውስጥ ይደረመሳሉ፤ በመደርመሳቸውም የፓምፑን ምላጮች ይቦረቡራሉ። ፓምፑ ይንኳኳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በጥቂት ወራት ይበላሻል። ሻጩ ይወቀሳል፣ አምራቹ ይወቀሳል። መድኃኒቱ ፓምፑን ወደ ውሃው ማውረድ ነው፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነም ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ መግዛት። ከታች የሚገፋ ፓምፕን የአየሩ መሳሳት አያሸንፈውም።

አየርም በዚህ ትምህርት ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህ ስሌቱ ለውሃ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ አየር እፍጋቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር የረዘመው በከፊል ለዚህ ነው፤ ክንፍ በሳሳ አየር ውስጥ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ማራቶን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲም ከፍታዋ ከእኛ ብዙም አይርቅም። እዚያ የአጭር ርቀት ሯጮች አየሩ ብዙም ስላልተቃወማቸው ክብረ ወሰን ሰበሩ፤ የረጅም ርቀት ሯጮች ግን ኦክስጅን አጥሯቸው ተቸገሩ፤ በከፍታ ያደገው ማሞ ቀደማቸው።

ወደ መስመራችን ልመለስ፤ የፈረቃ ውሃ ያለበት ከተማ ልዩ ችግሮች አሉትና። መስመሩ ሲዘጋ ባዶ ይሆናል፣ አየር ይገባዋል። ሲከፈት ውሃው አየሩን እየነዳ ይመጣል፤ አየሩም በቆጣሪው ሲያልፍ ያሽከረክረዋል። «ቆጣሪዬ በአየር ይዞራል» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው። ከፍ ባሉ ነጥቦች ላይ የአየር ማስወጫ ቫልቭ የሚተከለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል፦ ባዶ መስመር ግፊት የለውም። ግፊት ያለው ቧንቧ ቢቀደድ ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ግፊት የሌለው ቢቀደድ የውጭው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል። ከፍሳሽ ጎን በተቀበረ ያረጀ ቧንቧ ላይ ይህ የጤና ጉዳይ ነው። በቀጥታ ከዋናው መስመር ላይ ፓምፕ የሚገጥም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የጎረቤቶቹን ግፊት ከዜሮ በታች ያወርዳል፣ ስንጥቁም ሁሉ ይምጋል። ለራሱ ጭምር ቆሻሻ ያጠጣል። ፓምፕ የሚተከለው ከመሬት ማጠራቀሚያ በኋላ ነው። ይህን ለማለት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ይሉኝታም አልይዝበትም።

ሦስተኛው የመብራት መጥፋት ነው። በረጅም የብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ ድንገት ቢቆም በቧንቧው ውስጥ 12 ባር ያህል ምት ይነሳል። ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በሞስኮ የውሃ መስመሮች ላይ መርምሮ ቀመሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። ፓምፕ ጣቢያ ላይ መብራት ሲሄድ ግድግዳ ውስጥ የሚሰማው ዱብታ ይህ ነው፤ በማግሥቱ አስፋልት ላይ ውሃ ከፈለቀ አትደነቁ። ቫልቭን በዝግታ መዝጋት ሕይወት ያተርፋል፤ የቧንቧውን።

የእንጦጦ ምንጮችን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የኪዳነ ምሕረት ጠበል በበጋ የሚፈሰው ክረምት የወረደው ዝናብ በተሰነጣጠቀው ዓለት ውስጥ እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ነው። ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ስለ ዲዦን ከተማ የውሃ ሥራ ባሳተመው መጽሐፍ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ የሚታዘዝበትን ሕግ አቀረበ፦ በዚያ ዝግታ ፍሰቱ ዝርግ ነው፣ ሰበቃውም ከፍጥነቱ ጋር እኩል ነው። ወደ ደቡብ የወረደው ጠብታ በቀበናና በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ በጀርባው ወደ ሱሉልታ የወረደው በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል። አንዱ አፋር ውስጥ ይቀራል፤ ሌላው ሜዲትራኒያን የሚገባ መንገድ ይይዛል።

አሁን ወደ ጎርፍ፣ ሰው የሚሞትበት ስለሆነ። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ላይ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ እንበል። 40,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ደን ካለ ሩቡ ብቻ ወዲያው ወርዶ በሰከንድ ወደ 3 ሜትር ኩብ ወንዙን ይቀላቀላል። ደኑ ተቆርጦ ቆርቆሮና አስፋልት ከተተካበት ከ40,000ው 32,000ው ይወርዳል፤ በሰከንድ ወደ 9 ሜትር ኩብ። ዝናቡ አልጨመረም፤ ወንዙ ሦስት እጥፍ ሆነ። በዳርቻው በተሠሩ ግንቦች ወንዙ ከጠበበ ደግሞ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ወይ ይፈጥናል፣ ወይ ከፍ ይላል።

ፍጥነቱ ነው የሚገድለው። የሚፈስ ውሃ በሰው እግር ላይ የሚያሳድረው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ጉልበት ድረስ የሚደርስ ውሃ በሰከንድ 1.5 ሜትር ሲጓዝ ሁለት እግርን 14 ኪሎ በሚያህል ኃይል ይገፋል፤ ብርቱ ሰው ይቆማል። በሰከንድ 3 ሜትር ሲጓዝ 57 ኪሎ ይሆናል። ከሥር ያለው ድንጋይ ያዳልጣል። ልጅ አይቆምም፣ አዋቂም አይቆምም። ጥልቀቱ ያው ጉልበት ድረስ ስለሆነ ዓይን ልዩነቱን አይለይም።

ድልድዮች ላይ ያለው አደጋ የተለየ ነው። ድልድይ ሥር ያለ ክፍት በፕላስቲክ፣ በቅርንጫፍና በግንባታ ተረፈ ምርት በግማሽ ቢዘጋ ያው ውሃ በግማሽ በር ለማለፍ እጥፍ ፍጥነት ይፈልጋል፤ እጥፍ ፍጥነት ደግሞ አራት እጥፍ ከፍታ ይጠይቃል። ያንን ከፍታ የሚያገኘው ከድልድዩ በላይ ተጠራቅሞ፣ በዳርቻው ያሉትን ቤቶች አጥለቅልቆ ነው። ስለዚህ በቀበና ዳር ያሉ ድልድዮች አፍ መጽዳት ያለበት በግንቦት ነው፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ወንዙ ውስጥ ሰው ማስገባት አይቻልም። ወረዳዎች በዚህ ጊዜ ሰው ሲጠሩ ተማሪዎች አካፋ ብቻ ሳይሆን ሜትርም ይዛችሁ ውረዱ፤ የእያንዳንዱን ድልድይ ክፍት ስፋትና ቁመት፣ ካለፈው ዓመት ጎርፍ የቀረውን ምልክትም ለኩ። በእነዚያ ሦስት ቁጥሮች ስለ ድልድዮች የተናገርኩትን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፤ የትኛው ድልድይ መጀመሪያ መስፋት እንዳለበትም ለወረዳው መንገር ትችላላችሁ።